ምናባዊ ፊልም በምን ይታወቃል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፊልም ነው፤ ያውም ፈረንጆች ፋንታሲ ስለሚሉት፣ እኛ ግን ምናባዊ ብንለው ስለሚስማማው የፊልም ዐይነት ነው። ይህ ፊልም ብዙ ወዳጅ አለው፤ ነቃፊውም ጥቂት አይደለም። ነቃፊዎቹ የሚሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ለሕፃን እንጂ ለዐዋቂ አይሆንም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና የበረታው «ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ስለሚያሳይ ልጅን ከሥራና ከእውነት ያርቃል» የሚል ነው። አባትና እናት ለልጃቸው ይህን ተመልከት፣ ያንን ተው ብለው የመምረጥ ግዴታ ስላለባቸው፣ ነቀፋው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። እኔ የማስበው ግን ነቀፋው ለአንዳንዱ ምናባዊ ፊልም የሚገባ፣ ለሌላው ግን ፈጽሞ የማይገባ መሆኑን ነው፤ ሁለቱን መለያው ምን እንደ ሆነም ዛሬ ልገልጥላችሁ እሞክራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለዚህ ዐይነት ፊልም የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳሉ፤ እነርሱም ስፍራው፣ አስማቱና በታሪኩ ውስጥ የሚመላለሱት ሰዎች ናቸው። ስፍራው በካርታ ላይ የማይገኝ አገር ነው፤ ወይም በካርታ ላይ የሚገኝ ሆኖ በአንድ ስውር በር ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባ ነው። አስማቱ በሞተርም በኬሚስትሪም የማይገለጥ ኀይል ነው፤ ሰው በመንኰራኵር ወደ ከዋክብት የሚሄድበት ፊልም የሳይንስ ልብ ወለድ ሲባል፣ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚበርበት ፊልም ምናባዊ ይባላል። ሰዎቹም ጠንቋይና ንጉሥ፣ ድንክና ግዙፍ፣ የሚናገር አውሬና በመካከላቸው መንገድ የጠፋበት አንድ ልጅ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ምንጣፉም፣ ጠንቋዩም፣ ስውሩ በርም በሙሉ ተሰብስበው ፊልሙ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ሦስቱን አስተሳስሮ የሚያቆማቸው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ይህን ነገር ለማግኘት የራሳችን ቋንቋ ከፈረንጆቹ ይልቅ የቀና መንገድ ያሳየናል። እኛ ሁለት ቃላት አሉን፤ ምትሐትና አስማት። ምትሐት የሌለው ነገር ያለ መስሎ ሲታይ፣ ዓይንም ሲታለል የምንለው ቃል ነው። አስማት ግን በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥሩ ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። በአገራችን ክታብ የሚጽፉ ሰዎች በብራናው ላይ ስውር ስሞችን የሚደረድሩት፣ ስሙን ያወቀ በባለ ስሙ ላይ ኀይል ያገኛል ተብሎ ስለሚታመን ነው። እምነቱን ትተን አሳቡን ብቻ ብንመለከት፣ አስማት ሥርዐት ያለው ነገር ነው፤ ስሙን ያላወቀ አይሠራበትም፣ የተሳሳተም ይጐዳበታል። ምትሐት ዓይንን ይይዛል፤ አስማት ግን ሕግ አለው፣ ዋጋም ያስከፍላል። እኔ በበኩሌ ምናባዊ ፊልምን የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

የፊልምን ምትሐት ካስጀመሩት ሰዎች መካከል ዋናው ሙሴ ዦርዥ ሜልዬስ የሚባለው የፓሪስ ሰው ነበር። በ1888 ዓ.ም. ሮቤር ኡደን የተባለውን የምትሐት ቴያትር ገዝቶ፣ በመድረክ ላይ ሰውን ሲሰውርና ሲገልጥ የኖረ ሰው ነው። ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ ቆሞ ፊልም ሲያነሣ ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ተይዞበት ነበር። ፊልሙን በኋላ ሲመለከተው፣ መንገደኞችን የጫነው ሠረገላ በዓይን ቅጽበት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ አገኘው፤ ካሜራው በቆመበት ጊዜ አንደኛው ሄዶ ሌላው በቦታው ደርሶ ኖሯልና። በ1896 ዓ.ም. ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ አንዲትን ሴት በወንበር ላይ እንዳለች ሰወራት፤ በስፍራዋ ዐፅም ገለጠ፤ መልሶም ሴቲቱን አመጣት። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጉዞ ሠርቶ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ሜልዬስን የማያደንቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሴቲቱ ብትሰወርም ብትመለስም ያዘነ የለም፣ የከሰረም የለም። ይህ ንጹሕ ምትሐት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር አማካይነት ከተማን ማፍረስና ዘንዶን ማብረር ስለ ተቻለ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፊልሞች ይሠራሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አሳባቸው ሜልዬስ በ1896 ዓ.ም. ከቆመበት አላለፈም። ነቃፊዎቹ እነዚህን ቢነቅፉ እኔ አልከራከራቸውም።

አስማቱ ሕግ ሲኖረው ምን እንደሚመስል ለማየት የባግዳድን ሌባ እንውሰድ። ይህ ታሪክ በ1924 ዓ.ም. ዳግላስ ፌርባንክስ በሠራበት ድምፅ የሌለው ፊልም የታወቀ ሲሆን፣ እኔ የምጠቅሰው አሌክሳንደር ኮርዳ ያሠራውን የ1940 ዓ.ም. ፊልም ነው። ሥራው በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ ጦርነቱ ስለ ተነሣ አሜሪካን አገር ተፈጸመ። ሳቡ የሚባለው ሕንዳዊ ወጣት አቡ የተባለውን ትንሽ ሌባ ሆኖ ይጫወታል። አቡ በባሕር ዳር አንድ ጠርሙስ አግኝቶ ሲከፍተው እንደ ተራራ የገዘፈ ጂኒ ይወጣል፤ ሊገድለውም ይነሣል። አቡ ግን «አንተን የሚያህል ፍጡር በዚህች ጠርሙስ ውስጥ ነበርክ ቢባል አላምንም» ብሎ ጂኒውን በትዕቢቱ መልሶ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ምኞት ሊፈጽምለት ይዋዋላሉ። ልጁ ርቦት ነበርና የመጀመሪያውን ምኞት በምን እንደ ጨረሰው ታውቃላችሁ? እናቱ ትሠራው የነበረውን ዐይነት ቋሊማ በመጥበሻ አስመጥቶ በላበት። ተመልካች በዚህ ይሥቃል፤ ነገር ግን ከሣቁ ጋር ሂሳብ ይጀምራል፤ ሁለት ብቻ ቀረው እያለ ይሰጋል። ሦስተኛው ምኞት ከወዳጁ ጋር ሲጣላ በቍጣ ቃል ከአፉ ወጥቶ ያልቃል፤ ጂኒውም ነፃ ወጥቶ እየሣቀ ይበራል፤ አቡ በበረሀ ገደል ላይ ብቻውን ይቀራል። ጂኒው ምኞትን ሁሉ ያለ ቍጥር የሚፈጽም ቢሆን ኖሮ ፊልሙ በዐሥር ደቂቃ ባለቀ ነበር።

ወደ ስፍራው እንመለስ። ስፍራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቀለሙን ድምቀትና የሕንፃውን ግዝፈት ነው፤ ዋናው ግን ገደቡ ነው። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር የተሠራው የኦዝ ጠንቋይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶረቲ የምትባለዋ ልጅ በካንሳስ ሳለች የምናየው ሁሉ ቡናማ ነው፤ ዐውሎ ነፋሱ ቤቷን አንሥቶ ከጣለው በኋላ በሩን ስትከፍት ግን በውጭ ያለው ዓለም በልዩ ልዩ ቀለም ያበራል። ይህችን አንዲት ቅጽበት ለማንሣት የቤቱን ውስጥ በቡናማ ቀለም ቀቡት፤ ለጁዲ ጋርላንድም ምትክ የምትሆን ልጅ ቡናማ ልብስ ለብሳ በሩን ከፈተች፤ ከዚያ በኋላ ጁዲ በሰማያዊ ልብሷ ዐለፈች። ተመልካቹ ድንበር መሻገሩን ያለ አንድ ቃል ያውቀዋል። ከድንበሩ ወዲያ ሌላ ሕግ አለና፤ የቀይ ዕንቍ ጫማ በእግሯ እስካለ ድረስ ክፉዋ ጠንቋይ በግድ ልትወስደው አትችልም።

በዚህ ፊልም ምትሐትም አስማትም ጐን ለጐን መታየታቸው ደስ ያሰኘኛል። ሁሉ የሚፈራው ታላቁ ኦዝ በጢስና በእሳት መካከል የሚያስገመግም ራስ ነው፤ ትንሽዋ ውሻ መጋረጃውን ስትገልጠው ግን አንድ ሽማግሌ መሣሪያ ሲያንቀሳቅስ ይገኛል። ስለዚህ ፊልሙ ራሱ ለልጁ «በጢስ አትታለል» ይለዋል። ነቃፊዎቹ ይህን ፊልም በጥሞና ተመልክተውት ይሆን?

የፒተር ጃክሰን የቀለበቶቹ ጌታ ደግሞ ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. በሦስት ክፍል የወጣ ሲሆን፣ ታሪኩ የእንግሊዛዊው የቶልኪን ነው፤ ፊልሙ የተነሣው በኒው ዚላንድ ነው። የድንኮቹን መንደር በአንድ የበግ እርባታ መሬት ላይ ሲሠሩ፣ የጓሮ አትክልቱንና አበባውን ፊልሙ ከመነሣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ተከሉት፤ ጐመኑ የበቀለ እንጂ ትናንት የተቀመጠ እንዳይመስል ነው። የቢልቦን ቤትም በሁለት ልክ፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ አድርገው ሠሩት፤ በአንደኛው ውስጥ ሰው ድንክ ይመስላል፣ በሁለተኛው ውስጥ ጣሪያው ራሱን ይመታዋል። ይህ ልፋት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ተመልካች ጐመኑንና የጪስ ማውጫውን አይቶ መንደሩን የራሱ ካላደረገ፣ በኋላ መንደሩ ሊጠፋ ነው ሲባል አይጨነቅም።

ገንዘብ ባይኖርም ስፍራ መሥራት ይቻላል። ፈረንሳዊው ዣን ኮክቶ ውቢቱና አውሬው የተባለውን ፊልም የሠራው ጦርነቱ እንዳበቃ በ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ መብራት ይቋረጣል፣ ጥሬ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በአውሬው ቤተ መንግሥት ውስጥ መቅረዝ የሚይዙት ከግድግዳው የወጡ የሰው ክንዶች ናቸው፤ ይህም ከግድግዳው ኋላ ሰዎችን አቁሞ ክንዳቸውን በቀዳዳ ማስወጣት እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን ዶላር ከተሠሩት አዳራሾች ብዙዎቹ ያን ያህል አያስፈሩም። ሕጉም በግልጥ ይነገራል። ነጋዴው በዚያ ቤት በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ተኝቷል፤ ማንም አልተቈጣውም። ለልጁ አንዲት ጽጌረዳ ሲቀጥፍ ግን አውሬው መጥቶ ወይ ሕይወትህን፣ ወይም ከሴቶች ልጆችህ አንዲቱን ይለዋል። ኮክቶ ሕጉ መኖሩን ያሳውቀናል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ያስፈራናል።

አሁን ስለ ስም የተናገርኩትን የምታስታውሱ አድማጮች፣ የጃፓኑን ሐያኦ ሚያዛኪን ፊልም ስታዩ ትደነቃላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ይህ የሥዕል ፊልም ቺሂሮ የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ ወደ መናፍስት ዓለም ገብታ የምትኖረውን ኑሮ ይተርካል። ወላጆቿ በባዶ ምግብ ቤት የተዘረጋ ምግብ ሳይፈቀድላቸው በልተው ዐሳማ ይሆናሉ። በዚያ ስፍራ መናፍስት የሚታጠቡበት ትልቅ መታጠቢያ ቤት አለ፤ ጌታዋም ዩባባ የምትባል ጠንቋይ ናት። ዩባባ ልጅቱን ስትቀጥራት በውሉ ላይ ከተጻፈው ስሟ ፊደል ነጥቃ አንዱን ብቻ ታስቀርላትና «ከእንግዲህ ስምሽ ሴን ነው» ትላታለች። ስሟን ፈጽማ የረሳች ዕለት ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ይጠፋታል። ይህ በቃሉ ጥንተ ፍቺ አስማት አይደለምን? ሚያዛኪ ግዕዝ ተምሮ አይደለም፤ ነገር ግን ስምን የያዘ ባለ ስሙን ይይዛል የሚለው አሳብ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ነው።

ወዳጅዋ ሐኩ የተባለው ልጅም ስሙን የረሳ ነው፤ ስለዚህም የዩባባ አገልጋይ ሆኖ ቀርቷል። ቺሂሮ ሕፃን ሳለች የወደቀችበትን ወንዝ ስም ታስታውሳለች፤ ያ ስም የእርሱ ኖሯል፤ ወንዝ ነበርና። ወደ ወንዙ እንዳይመለስ ደግሞ ወንዙ ተደፍኖ ቤት ተሠርቶበታል። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ስለ ዘመናዊ ከተማ የተነገረው ብዙ ነው፤ ማንም ግን ንግግር አላደረገም።

ይህን ፊልም ያነሣሁበት ሁለተኛ ምክንያት አለኝ። «ምናባዊ ፊልም ልጅን ከሥራ ያርቃል» ለሚሉት መልሱ በውስጡ ስላለ ነው። በዚያ ዓለም ሕጉ ሥራ ያልያዘ ሁሉ ወደ እንስሳ ይለወጣል የሚል ነው። ቺሂሮ በመጀመሪያ አልቃሻና ሰነፍ ልጅ ናት፤ ወለል ስትወለውል፣ የከሰል ሸክም ስታነሣ፣ ሽታው የማይቻል እንግዳ ስታጥብ እናያታለን። እንግዳውም ጭቃው ሲለቅለት፣ ቆሻሻ የተጣለበት የወንዝ አምላክ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱን የሚያድናት የተሰጣት የበትር ኀይል አይደለም፤ የለመደችው ሥራና ያልረሳችው ስም ነው። ፊልሙ በ2002 ዓ.ም. በበርሊን የወርቅ ድቡን ከሌላ ፊልም ጋር ተካፍሎ ተሸለመ፤ በ2003 ዓ.ም. ኦስካር አገኘ።

ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልናገር። ምናባዊ ፊልም ከሌላው የሚለይበት ባሕርይ ጀግናው ብዙ ጊዜ ኀያል አለመሆኑ ነው። ኀያሉ ሰው ከጐኑ ይቆማል፤ ሸክሙ ግን በደካማው ላይ ይወድቃል። በቀለበቶቹ ጌታ ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት ለጠቢቡ ለጋንዳልፍ እንካ ሲለው፣ ጋንዳልፍ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በመልካም አሳብ ብወስደውም በእኔ በኩል የሚሠራው ክፋት ይብሳል ይላል። ስለዚህ ኀይል ያለው የማይነካውን ነገር ኀይል የሌለው ተሸክሞ ይሄዳል። በመጨረሻስ? ብዙ ሰው ፍሮዶ ቀለበቱን በእሳቱ ውስጥ ጣለው ብሎ ያስታውሳል። አልጣለውም። በእሳቱ አፋፍ ላይ ቆሞ የእኔ ነው ብሎ አጠለቀው። ቀለበቱ የጠፋው ጎለም የተባለው ምስኪን ጣቱን ነክሶ ቀምቶት ከገደሉ ስለ ወደቀ ነው፤ ጎለምም በሕይወት የቆየው ቀደም ሲል ስለ ማሩት ነው። ፍሮዶ ወደ ጐመኑ መንደር ይመለሳል፤ ነገር ግን ቁስሉ ስላልሻረለት ሊኖርበት አልቻለም። ሦስተኛው ክፍል ዐሥራ አንድ ኦስካር ተሸለመ፤ ሽልማቱ የተሰጠው ለጦር ሜዳው ትርኢት ይሁን ለዚህ አላውቅም፤ እኔ የምሰጠው ለዚህ ነበር።

በአህጉራችንም ከዚህ የማያንስ ሥራ አለ። የማሊው ሱሌማን ሲሴ በ1987 ዓ.ም. ዬለን፣ ማለትም ብርሃን የተባለውን ፊልም በባምባራ ቋንቋ ሠርቶ በካን በዓል የዳኞችን ሽልማት አገኘ። ኒያናንኮሮ የሚባል ወጣት አባቱ ሊገድለው ያሳድደዋል፤ ሁለቱም የጥበቡ ባለቤቶች ናቸው። ስፍራው በልብ ወለድ የተፈጠረ አገር አይደለም፤ በዓይን የሚታየው የማሊ ቈላና ገደል ነው፤ አስማቱም ለቱሪስት የቀረበ ትርኢት ሳይሆን የኅብረተሰቡ የዕውቀት ቤት ነው። ሲሴ ሕጉን ሲያሳይ ለማንም አይራራም። ወጣቱ በጥበቡ የአንድን ንጉሥ ጠላቶች ድል ይነሣል፤ ንጉሡም አምኖ መካን የሆነችውን ሚስቱን እንዲያክም ሰጠው፤ እርሱ ግን እምነቱን አጓደለ። ሠራዊት የሚያሸሽ አስማት ከገዛ ፍላጎቱ ሊጠብቀው አልቻለም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ ከሁለቱም የወጣው ብርሃን ሁለቱንም አጠፋቸው፤ የቀረው ሕፃን ልጅ ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ፊልም ለሕፃናት የሚሆን አይደለም፤ ጭካኔው ብዙ ስለ ሆነ ወላጆች እንዲጠነቀቁ አሳስባለሁ። የሜክሲኮው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ በ2006 ዓ.ም. የሠራው የፓን ዋሻ ነው። ዘመኑ 1944፣ አገሩ እስፓኝ ነው፤ የእርስ በርሱ ጦርነት አብቅቶ ፍራንኮ አገሩን ይዟል፤ በጫካ የቀሩትን ዐርበኞች የሚያድን አንድ መቶ አለቅነትን ያለፈ ጨካኝ ሻምበል አለ። ኦፌሊያ የሚስቱ ልጅ ናት። በፍርስራሽ ውስጥ ያገኘችው ፍየል መሳይ ፍጡር ሦስት ሥራ ያዛታል። በሁለተኛው ከተዘረጋው ማዕድ እንዳትቀምሺ ተብላ ሁለት ፍሬ ወይን በላች፤ በዚህ ምክንያት የሚመሯት ሁለት ትንንሽ መናፍስት በዓይኗ ፊት ተበሉ። ይህ አለመታዘዝ ዋጋ አስከፈላት። በሦስተኛው ግን አዲስ የተወለደውን ወንድሟን አምጪ፣ ጥቂት ደም እናፍስስ ስትባል እምቢ አለች። የመጀመሪያው እምቢታ ከሆድ የመጣ ነው፤ የሁለተኛው ከልብ። ሻምበሉና ወታደሮቹ ያለ ጥያቄ በሚታዘዙበት አገር፣ መታዘዝና አለመታዘዝን ለይታ የምታውቅ ይህች ልጅ መሆኗን ለማሳየት ዴል ቶሮ ከአስማቱ የተሻለ መንገድ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ሻምበሉ ደርሶ ሲመለከት ኦፌሊያ ከባዶ አየር ጋር ስትነጋገር ያያታል፤ ከዚያም ሕፃኑን ነጥቆ ተኵሶ ይገድላታል። ስለዚህ ብዙዎች «ሁሉም የልጅቱ ሕልም ነበር» ይላሉ። ዳሩ ግን በዚያች ሌሊት ኦፌሊያ ዘበኛ በቆመበት ክፍል ውስጥ ተቈልፋባት ነበር፤ ሕፃኑም በሻምበሉ ክፍል ነበር። ከአንደኛው ወደ ሌላው እንዴት እንደ ገባች፣ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ከሣለችው በር በቀር አዘጋጁ ሌላ መንገድ አላሳየንም።